አማት፣ ምራትና ድንበር፦ በሞያሌ የአንድ ቤት ጤና ታሪክ

የቤተሰብ ጤና በሐኪም ቤት መዝገብ ብቻ አይነበብም፤ ውኃውን ማን ይቀዳል፣ አራሷን ማን ይጠይቃል፣ ታማሚው ከማን ጋር ያድራል የሚሉት ጥያቄዎችም የጤና ታሪክ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በኬንያዋ ሞያሌ አማትና ምራት በአንድ ግቢ ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ጤና እንዴት እንደሚነካ፣ ድንበሩም በዚህ ላይ ምን እንደጨመረ ይመረምራል።

በ1907 እ.ኤ.አ. የምኒልክ መንግሥትና ብሪታንያ በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል ሞያሌን ለሁለት የከፈለውን ወሰን አጸና። ውሉ በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሣዎች በወዲያኛው ወገን ያለውን ግጦሽ እንደ ቀድሞው እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ስለ ከብትና ስለ ሣር የታሰበውን ያህል ግን ስለ ተዳረች ልጅና ስለ እናቷ አልታሰበም። በኋላም የቅኝ ገዢው አስተዳደር የሰሜን ድንበር አውራጃን ዝግ አድርጎ መግባትና መውጣትን በፈቃድ ወሰነ። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪውና ቡርጂው ግን በሁለቱም ወገን ዘመድ ነበረውና ጋብቻው አልተቋረጠም።

ሙሽራ ወደ ባሏ ወገን በምትሄድበት ሥርዓት የዕለት ረዳቷም፣ የዕለት ተቆጣጣሪዋም የባሏ እናት ናት። በቦረና አማችና አማት በአክብሮት ስለሚራራቁ የሚስት እናት በአማቿ ቤት ሰንብታ ልጇን ማረሷ ቀላል አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሴት የመጀመሪያ ልጇን ከእናቷ ቤት ሄዳ የመውለድ ልማድ ያላት ይህን ክፍተት ለመሙላት ይመስላል። እናቲቱ ከኬላው ማዶ ስትሆን ግን ኬላው በተዘጋ ቁጥር መንገዱም ይዘጋል።

የዚህ ክብደት በጥናት ታይቷል። ሚሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ አርሲ ገጠር ባሳተሙት ጥናት የእናቱ እናት በሕይወት ያለችለት ሕፃን የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ አያቲቱ የምትረዳውም ከባዱን የቤት ሥራ በማቃለል ነበር። በጀርመን ክሩምሆርን በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ የአባት እናት በአቅራቢያ መኖር ከሕፃናት ሞት መጨመር ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። ከዚህ አማት ክፉ ናት የሚል ፍርድ አይወጣም፤ የሚወጣው የሥራ ጫና ሲደላደል ጤና፣ ሲከመር ሕመም እንደሚከተል ነው።

ጫናው አማቲቱንም ይነካል። ሳንባ ነቀርሳ በጠባብ ቤት ከሳል ጋር ይተላለፋልና ምራቷን የያዘው ሕመም አሮጊቷን አይምርም። በጎረቤት ዋጂር አናሌና ቶኔሊ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምራ ያቋቋመችው መንደር ዘላን ሕሙማን ሕክምናቸውን እስኪጨርሱ በክትትል የሚቆዩበት ነበር። ሕመምተኛዋ ስትድን ከቤት የቀሩትም ይተርፋሉ፤ እስክትመለስ ግን ልጆቿንና እንስራዋን የምትረከበው ብዙውን ጊዜ አማቷ መሆኗ አይቀርም።

በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሲቪሎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ኬንያ ተሻገረ። ከፊሉ በመጠለያ፣ ከፊሉም በነዋሪው ዘንድ ተጠጋ። እንዲህ ባለ ጊዜ አማቶች ሳያስቡት በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ፤ ምግቡ ይሳሳል፣ መኝታው ይጠብባል፣ አራሷ ግን የእናቷን እጅ መልሳ ታገኝ ይሆናል። ስለዚህ በሞያሌ እናትን የሚመዘግብ የጤና ሠራተኛ የባሏን ስም ብቻ ሳይሆን እናቷ ከኬላው በየትኛው ወገን እንዳለችም ቢጠይቅ ስለ አራሷ ብዙ ያውቃል።