ጠባብ ቀዳዳ እና የጠራ እይታ፤ መነጽር ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባው

አዲስ አበባ፦ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የመርካቶ ገበያ የንባብ መነጽር በሱቅ መደርደሪያም በአዟሪ እጅም ይሸጣል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ መነጽሮቹን አንድ በአንድ እያጠለቀ ጋዜጣ ወይም የእጅ ስልኩን ጽሑፍ ያነብባል፤ ከዚያም የተሻለ ያሳየውን መርጦ ይሄዳል። የምርመራ ካርድ አይጠየቅም፣ ቀጠሮም አያስፈልግም። ዋጋው ዝቅተኛ ጊዜውም አጭር በመሆኑ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች የመጀመሪያ መነጽራቸውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ግዢ ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ይኸውም የእይታው መድከም መነጽር የሚያስተካክለው ነው ወይስ ሕክምና የሚሻ በሽታ የሚለው ነው። የዓይን ጤና ባለሙያዎች ይህን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። ተመርማሪው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቀዳዳ አሻግሮ እንዲመለከት ይደረጋል። በቀዳዳዋ ሲያይ እይታው ከጠራ ችግሩ በአብዛኛው በመነጽር የሚስተካከል ነው። ካልጠራ ግን መነጽር ከመግዛት በፊት ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይገባል።

የዘዴው ሳይንሳዊ መነሻ

ከማንኛውም ነገር ላይ የሚነሳ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል። ሌንስ ይህን ብርሃን በሰፊ ፊቱ ተቀብሎ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባል። የመሰብሰቢያው ነጥብ በትክክል በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ በሚገኘው የብርሃን መቀበያ ክፍል፣ ማለትም በሬቲና ላይ ካረፈ ምስሉ ጥርት ይላል። ነጥቡ ከሬቲናው ፊት ወይም ኋላ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ነጥብ በሬቲናው ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል፤ ክቦቹም እርስ በርስ ተደራርበው ብዥታን ይፈጥራሉ።

የክቦቹ ስፋት የሚወሰነው ብርሃኑ በሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ከጎንና ከጎን የሚመጡት ጨረሮች ይታገዳሉ፤ በመሐል የሚያልፉት ብቻ ይገባሉ። ስለዚህ ሌንሱ ራሱ ምንም ለውጥ ሳያደርግ የብዥታው ክብ ያንሳል፣ ምስሉም ይጠራል። አጥርቶ ማየት ያልቻለ ሰው በልማድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚመለከተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ሲያልፍ ምስል የሚፈጥር መሆኑን ከ965 እስከ 1040 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው ሊቅ ኢብን አል ሀይሰም ስለ ብርሃንና እይታ ባዘጋጀው ሥራ በስፋት መርምሮታል። በአገራችንም ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በሌሎች አካባቢዎች የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በታየበት ዕለት ይህ ባሕርይ በተግባር ሊታይ የሚችልበት አጋጣሚ ተፈጥሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ግርዶሽ ወቅት በወረቀት ቀዳዳ ወይም በቅጠሎች መካከል አልፎ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን የፀሐይቱን ቅርጽ ይዞ ይታያል። ሆኖም ቀዳዳው የሚያገለግለው ምስሉን መሬት ወይም ወረቀት ላይ አሳርፎ ለማየት ብቻ ነው። በቀዳዳ አሻግሮ ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ከካሜራ እስከ ማነጣጠሪያ መነጽር

ይህ ሕግ በሁሉም የሌንስ መሣሪያዎች ላይ ይሠራል። ጉርድ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ባለሙያ በካሜራው ሌንስ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ያሰፋል ወይም ያጠብባል። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 2 በተባለው ልክ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ኤፍ 8 ላይ ደግሞ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። በዚህ ጊዜ ከፊትም ከኋላም ያለው ነገር ይበልጥ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ነገር ግን የሚገባው ብርሃን በ16 እጥፍ ይቀንሳል።

በጠመንጃ ላይ በሚገጠም አቅርቦ ማሳያ መነጽርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ 4 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በዓይን በኩል 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብርሃን ዘንግ ያወጣል። በቀን ብርሃን የሰው ዓይን ብሌን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን አብዛኛው ብርሃን ጥቅም ላይ አይውልም። የፊት ሌንሱ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ክዳን ቢሸፈን የሚወጣው ዘንግ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም ተመልካቹ ዓይኑን በመሐል እንዲያደርግ ስለሚያስገድደው ዓይን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዒላማው ከማነጣጠሪያው መስመር ሸሽቶ የሚታይበትን ስህተት ይቀንሳል። በአንጻሩ ብሌን በሚሰፋበት የምሽት ሰዓት ያው ክዳን ምስሉን ያጨልመዋል።

ቀዳዳን ማጥበብ ወሰን አለው። ብርሃን በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ በጠርዙ ላይ እየታጠፈ ስለሚሰራጭ ቀዳዳው ከተወሰነ ልክ በታች ሲያንስ ምስሉ መልሶ ይደበዝዛል። ለዓይን ምርመራ የሚውለው ቀዳዳ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓይን ምርመራ ያለው አገልግሎት

በጤና ተቋማት የርቀት እይታ የሚለካው በ6 ሜትር ርቀት በተሰቀለ የፊደል ሰሌዳ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች አቅጣጫው የሚለዋወጥ አንድ ምልክት የተሳለበት ሰሌዳ ይቀርባል። ምርመራው በአንድ ዓይን፣ ሌላውን በመሸፈን ይከናወናል። ተመርማሪው ዝቅተኛውን መስመር ማንበብ ካልቻለ ቀዳዳ ባለው መሸፈኛ አሻግሮ እንዲያይ ተደርጎ እንደገና ይለካል።

በቀዳዳው ተጨማሪ መስመሮችን ካነበበ የእይታው ድክመት ብርሃን በትክክለኛው ቦታ ካለመሰብሰቡ የመጣ መሆኑ ይገመታል። ይህም የሩቁን ወይም የቅርቡን አጥርቶ አለማየትን እና የዓይን ፊት ጉብታ እኩል ካለመሆን የሚመጣውን ብዥታ ያጠቃልላል። ሁሉም በተገቢው መነጽር የሚስተካከሉ ናቸው።

እይታው ካልተሻሻለ ወይም ከቀድሞው ከባሰ ግን የዓይን ሞራን፣ የሬቲናን ወይም የዓይን ነርቭን ሕመም መጠርጠር ይገባል። በተለይ የሬቲና ማዕከል በታመመበት ዓይን ቀዳዳው ብርሃንን ስለሚቀንስ እይታው ይበልጥ ሊደክም ይችላል።

ምርመራው ብቻውን የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የዓይን ሞራ ወይም የኮርኒያ ጠባሳ ያለበት ሰው ቀዳዳው ጥርት ካለው የዓይኑ ክፍል ፊት ለፊት ከዋለ እይታው ሊሻሻል ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ግላኮማን ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ በሽታ በአብዛኛው ያለ ሕመም ስሜት የጎን እይታን ቀስ በቀስ እየበላ የሚሄድ ሲሆን የመሐል እይታ እስከ መጨረሻው ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል። በመሆኑም ፊደል አጥርቶ ማንበብ ዓይኑ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ ድክመትና የትራኮማ ብሔራዊ ጥናት በአገሪቱ የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ፣ የእይታ ድክመት ደግሞ 3.7 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች የዓይን ሞራ 49.9 በመቶ፣ ከትራኮማ የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በመነጽር የሚስተካከል የእይታ ችግር 7.8 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው።

የእይታ ድክመትን በሚመለከት የዓይን ሞራ 42.3 በመቶውን ሲይዝ በመነጽር የሚስተካከለው ችግር 33.4 በመቶውን ይዟል። በሌላ አነጋገር እይታቸው ከደከመ 3 ሰዎች መካከል የአንዱ ችግር በመነጽር የሚወገድ ሲሆን የሌሎቹ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ ክትትል የሚጠይቅ ነበር ማለት ነው። መነጽር ለሁሉም መፍትሔ ተደርጎ ሊወሰድ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመርካቶ የሚሸጠው የንባብ መነጽር

ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ መለጠጡን እየቀነሰ ስለሚሄድ በቅርብ የተያዘ ጽሑፍ መደብዘዝ ይጀምራል። ሰነድን ከዓይን እያራቁ ማንበብ፣ በደብዛዛ ብርሃን ፊደል መሳት እና ከሥራ በኋላ የሚሰማ የራስ ምታት የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። ይህ በሽታ ሳይሆን የዕድሜ ለውጥ ነው።

ለዚህ ችግር ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የንባብ መነጽር ተገቢ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። በመነጽሮቹ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 1.00፣ 1.50፣ 2.00 ወይም 2.50፣ የሌንሱን ጉልበት በዳዮፕተር የሚገልጽ ሲሆን ዕድሜ በጨመረ መጠን የሚያስፈልገው ቁጥርም ይጨምራል። ይሁን እንጂ የሁለቱም ሌንሶች ጉልበት እኩል ነው፤ በሁለቱ ሌንሶች መሐል ያለው ርቀትም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የሁለት ዓይኖቹ ልክ ለተለያየ፣ የሩቁን ለማየትም ለሚቸገር ወይም የዓይኑ ፊት እኩል ላልጎበጠ ሰው አይስማማም። ልኩ ያልሆነ መነጽር ድካምና ራስ ምታት ያስከትላል እንጂ የአዋቂን ዓይን አያሳምምም። ዋናው ጉዳት ሌላ ነው፤ ገዢው መፍትሔ ያገኘ ስለሚመስለው በሽታው እየገፋ ሳለ ምርመራውን ያዘገያል።

ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት በወፍራም ወረቀት ላይ በስፒል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ በስቶ በደህና ብርሃን መሞከር ይቻላል። አንድ ዓይን ተሸፍኖ ወረቀቱ ወደ ሌላው ዓይን ተጠግቶ ይያዛል፤ የደበዘዘው ጽሑፍም በቀዳዳው ይነበባል። ሙከራው ለሁለቱም ዓይን በየተራ ይደረጋል። አንዱ ዓይን ጠርቶለት ሌላው ካልጠራ፣ ወይም ሁለቱም ካልጠሩ ገንዘቡ መዋል ያለበት ለመነጽር ሳይሆን ለምርመራ ነው።

በድንገት የጠፋ እይታ፣ በብርሃን ዙሪያ የሚታይ ቀለማዊ ክብ፣ የዓይን መቅላትና ሕመም፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ወይም የብልጭታ መታየት ሲያጋጥም ግን ሙከራውን ሳይጠብቁ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለባቸውና በቤተሰባቸው ግላኮማ ያለ ሰዎች እይታቸው የጠራ ቢሆንም በየጊዜው መመርመር ይኖርባቸዋል። ብዙ ቀዳዳዎች ያሉባቸው መነጽሮችም ባጠለቁበት ጊዜ እይታን ለጊዜው ከማጥራት አልፈው ዓይንን አያድኑም፤ የጎን እይታንም ስለሚጋርዱ ለመንዳት አደገኛ ናቸው።

ለመሥሪያ ቤቶች ያለው ፋይዳ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የእይታ ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነዚህ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር ሊከላከሉት የሚቻል ወይም መፍትሔ ያላገኘ እንደሆነ ገልጿል። የቅርቡን ለማየት መነጽር አስፈልጓቸው ያላገኙት 826 ሚሊዮን ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2021 በመነጽር የሚስተካከል የእይታ ችግር ያለባቸው ሰዎች የሚያገኙት ውጤታማ አገልግሎት እስከ 2030 ድረስ በ40 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ግብ አስቀምጧል።

ጉዳዩ ከሥራ ውጤት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በህንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ሻይ ለቃሚዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የቅርብ መነጽር ያገኙት ሠራተኞች ምርታማነት ካላገኙት በ21.7 በመቶ ብልጫ ማሳየቱን አረጋግጧል። ቅጠል ለመልቀም ይህን ያህል ካስፈለገ ደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ለሚያመሳክር የሒሳብ ሠራተኛ፣ ካርታ ለሚያነብ መሐንዲስ ወይም የመድኃኒት መጠን ለሚጽፍ ነርስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ በመሆኑ ከ40 ዓመት በኋላ ያለው የ20 ዓመት የሥራ ዘመን በአብዛኛው በንባብ መነጽር የሚሠራበት ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር የሥራ ክፍሎች የፊደል ሰሌዳ፣ የ6 ሜትር ርቀት ያለው ኮሪደርና ቀዳዳ ያለው መሸፈኛ በማዘጋጀት በአቅራቢያቸው ካለ ጤና ጣቢያ ጋር በመተባበር ዓመታዊ የእይታ ልየታ ማካሄድ ይችላሉ። በቀዳዳው እይታቸው የተሻሻለላቸውን ለመነጽር ልኬት፣ ያልተሻሻለላቸውን ለዓይን ሐኪም መላክ የልየታው ዋና ተግባር ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አገልግሎት ከሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት አንዱ ሲሆን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእይታ ልኬት ባለሙያዎችን ከሚያሰለጥኑ ተቋማት መካከል ይገኛል።

ቀዳዳዋ ሌንስ አትተካም፣ በሽታም አትፈውስም። የምትሰጠው አገልግሎት አንድ ሲሆን ይኸውም መነጽር የሚጠቅመውን ሰው ሐኪም ከሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያው ደረጃ መለየት ነው። ይህ ልየታ ከግዢው ሲቀድም ከመርካቶ የሚገዛው መነጽር ለትክክለኛው ሰው ይደርሳል፤ የዓይን ሞራ ወይም የሬቲና ሕመም የጀመረውም ሰው ጊዜ ሳያልፍበት ወደ ሐኪም ይሄዳል።