የካርቱም መንገድና የሰበቃ ነገር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ነው) በጃንዋሪ 28 ቀን 1885 ሁለት የእንፋሎት መርከቦች ዓባይን ሽቅብ እየገፉ ወደ ካርቱም ቀረቡ። ተጭነው የመጡት ወታደሮች የተከበበውን ጀኔራል ጎርዶንን ሊያድኑ ነበር። ሆኖም ከተማይቱ ከሁለት ቀን በፊት በማህዲ ሠራዊት እጅ ወድቃ ጎርዶንም ተገድሎ ነበር።

ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት የለንደን መንግሥት ማመንታት መሆኑ አይካድም። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜ የበላው ግን መንገዱ ነው። የጀኔራል ዎልስሊ ጦር በ1884 ዓ.ም. ጀልባዎቹን በዓባይ ላይ ሲያወጣ፥ ድንጋያማ ፏፏቴ በደረሰ ቁጥር ሰው በገመድ ይጎትታቸው ነበር። ፈሳሽ ውሃ ለሚገፋው አካል የሚያሳየው ተቃውሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያህል ስለሚያድግ፥ ኃይለኛ ጅረት ካለበት ስፍራ ጀልባን ሽቅብ መሳብ እጅግ ያደክማል። በምድረ በዳ አቋርጦ የተላከውም የግመል ጦር ቢሆን እንስሳቱ ደክመውበት ነበር።

ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የሚንቀሳቀስ አካል የሚቃወመው ኃይል ካላገኘ በቀጥታ መስመር በእኩል ፍጥነት ይጓዛል ብሏል። ተማሪ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ የሚገፋው ጋሪ እጁን ሲያነሣ ወዲያው ሲቆም አይቷልና። ተማሪው አልተሳሳተም፤ ዓይኑ ያየው ሰበቃን ነው። ሕጉን በቃል ከማስጠናት አስቀድሞ ይህን ተቃዋሚ ማሳየት ይገባል፤ የካርቱም ታሪክም ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ኪችነር ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። በ1897 መጀመሪያ ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ የኑቢያን በረሃ የሚያቋርጥ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ፤ የሥራው አዛዥ ካናዳዊው መሐንዲስ ዢሩዋር ነበር። ያ ዓመት ሳያልቅ፥ በጥቅምት መጨረሻ፥ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከአቡ ሐመድ ደረሰ። በዚህም መንገድ ፏፏቴዎቹና ሰፊው የወንዝ ጥምዝ ወደ ጎን ቀሩ፤ የጦር መርከቦች ሳይቀሩ ተፈታተው በባቡር ተጫኑ።

የአረብ ብረት መንኰራኵር በአረብ ብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ተቃውሞ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ጭነት በሜዳ ላይ ለማንቀሳቀስ ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝን ኃይል ይበቃል። ያው ጭነት በልቅ አሸዋ ላይ በጋሪ ቢጫን መንኰራኵሩ እየሰመጠ ከዚያ ብዙ አሥር እጥፍ ይጠይቃል። ግመልም ሰፊና ለስላሳ በሆነ ኮቴዋ ክብደቷን ስለምትበትን አትሰምጥም፤ ነገር ግን የምትሸከመው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ መምህር ሰበቃን እንደ ጠላት ብቻ አድርጎ እንዳያስተምር ይጠንቀቅ። ሐዲዱና መንኰራኵሩ ጨርሶ ባይያያዙ ባቡሩ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም ነበር፤ መንኰራኵሩ ሐዲዱን ወደ ኋላ ሲገፋ ሐዲዱ ባቡሩን ወደ ፊት የሚገፋው በሰበቃ አማካይነት ነውና። ይህ የኒውተን ሦስተኛው ሕግ ነው። ሐዲዱ ሲረጥብ ወይም ሲንሸራተት ባቡር ነጂው ከመንኰራኵሩ ፊት አሸዋ ያፈሳል። ጋሪን የሚያሰምጠው አሸዋ ባቡርን ያስኬዳል!

የሐዲዱ ሥራ ለደስታ ብቻ የሚነገር ታሪክ አይደለም። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ከአሥር ሺህ በላይ ሱዳናውያን በአንድ ቀን አለቁ፤ መሣሪያውና ጥይቱም አብዛኛውን መንገድ የመጣው በዚያ ሐዲድ ነው።

የኢትዮጵያ ምድር ባቡርም ከጅቡቲ የተጀመረው በዚያው በ1897 ነው። የሱዳኑ በ1899 መጨረሻ ከካርቱም ማዶ ሲደርስ፥ የእኛው አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የኩባንያው የገንዘብ ችግርና የመንግሥታት ክርክር ብዙ አዘግይቶታል፤ ነገር ግን መሬቱም የራሱን ድርሻ ወስዷል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ ባቡር ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መቶ ሜትር ሲሄድ አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ሺህ ኪሎ አሥር ኪሎ የሚመዝን ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ ይኸውም ከሐዲዱ ተቃውሞ ሁለት እስከ አምስት እጥፍ ነው። በሐልፋ በረሃ ረጅም ሰልፍ ፉርጎ የጎተተ ባቡር በእንዲህ ያለ ዳገት ግርጌ ሲደርስ፥ ወይ ፉርጎዎቹን ይቀንሳል፥ ወይ ሁለተኛ ባቡር ከኋላ ይገፋለታል።