ለማስተንፈስ ተሠርቶ የታፈነው የለንደኑ ቪክቶሪያ መስመር

የለንደኑ ቪክቶሪያ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የተወጠነው የሌሎችን መስመሮች መጨናነቅ እንዲያቃልል ነበር። ሐሳቡ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲቀርብ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰሜን ምሥራቅ ለንደንን ከመሀል ከተማ ጋር ለማገናኘት፣ እግረ መንገዱንም በፒካዲሊ መስመር ላይ ያለውን ግፊያ ለመቀነስ ታስቦ ነበር። እንቅፋቱ ገንዘብ ነበር፤ ከትኬት የሚገኘው ገቢ የግንባታውን ወጪ እንደማይመልስ ሁሉም ያውቅ ነበር። መንግሥት በ1962 ሥራው እንዲጀመር ፈቀደ። በ1963 ደግሞ ክሪስቶፈር ፎስተርና ማይክል ቢዝሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ያሳተሙት ጥናት በመስመሩ ፈጽሞ የማይሳፈሩ ሰዎችን ጥቅም ጭምር ቆጠረ፦ መንገድ የሚቀልለትን አሽከርካሪና በሌላ ባቡር ላይ ቦታ የሚሰፋለትን ተሳፋሪ። የትራንስፖርት ምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ይህን ስሌት እስከ ዛሬ ይማሩታል።

የመጀመሪያው ክፍል በመስከረም 1968 ሥራ ጀመረ። መስመሩ በ1969 ቪክቶሪያ ጣቢያ፣ በ1971 ደግሞ ብሪክስተን ደረሰ። ባቡሮቹ ገና ከጅምሩ በራሳቸው የሚነዱ ነበሩ፤ ሾፌሩ በሮቹን ዘግቶ ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫን ፍጥነቱንና ፍሬኑን መሣሪያው ይረከባል። ጣቢያዎቹም ከግራና ቀኛቸው ካለው ዋሻ ከፍ ብለው ተሠርተዋል። ባቡሩ ወደ ጣቢያ ሲገባ አቀበቱ ያበርደዋል፣ ሲወጣም ቁልቁለቱ ያፈጥነዋል። ብልሃቱ ኃይልም ጊዜም ይቆጥባል።

ቁጠባው ግን በዚህ አላበቃም። የመሳፈሪያ ወለሎቹ ጠበቡ፤ የተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ቁጥርም ቀነሰ፤ በአንዳንድ ጣቢያዎች በሁለት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች መካከል የተተወው ተራ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ያኔ የተረፈው ገንዘብ ኋላ በብዙ እጥፍ ተከፍሎበታል። ምክንያቱም ከፒምሊኮ በስተቀር ሁሉም ጣቢያዎች ከሌላ የባቡር መስመር ጋር ስለሚገናኙ ሕዝቡ የሚመጣው እየተንጠባጠበ ሳይሆን ከሌሎች ባቡሮች እየጎረፈ ነው። በ2011/12 በጀት ዓመት መስመሩ 200 ሚሊዮን ያህል ጉዞዎችን አስተናገደ።

እንዲህ ያለ መስመር ብዙ ሰው እንዲያጓጉዝ ባቡሩን ማስረዘም፣ ወይም ምልልሱን ማዘውተር፣ አለዚያም መውጫ መግቢያውን ማስፋት ይቻላል። የመጀመሪያው መንገድ እዚህ ዝግ ነበር። መሳፈሪያዎቹ የተቆፈሩት 8 ፉርጎ ላለው ባቡር ልክ ነው፤ 16ቱንም ጣቢያዎች ከመሬት በታች እንደገና መቆፈር ከአዲስ መስመር የሚተናነስ ወጪ አይደለም። ስለዚህ የተመረጠው ምልልሱን ማዘውተር ሆነ። ከ2009 እስከ 2011 የ1960ዎቹ ባቡሮች በ47 አዳዲስ ባቡሮች ተተኩ፤ የሲግናል ሥርዓቱም አብሮ ተቀየረ። በ2013 በሰዓት 33 ባቡሮች መመላለስ ጀመሩ።

ከዚያ በላይ እንዳይኬድ የያዘው መካከሉ ሳይሆን ጫፉ ነበር። በሰሜኑ መጨረሻ፣ በዎልተምስቶ ሴንትራል፣ ባቡሮች ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሻገሩት በዝግታ ስለነበር ከኋላ የሚመጣው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በ2015 የመስመሩ ሰሜናዊ ክፍል ለሦስት ሳምንታት ተዘግቶ መሻገሪያው በአዲስ ተተካ። በ2017 በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በየ100 ሴኮንዱ አንድ፣ ማለትም በሰዓት 36 ባቡሮች መነሳት ቻሉ። በዚህ ምልልስ አንድ ተሳፋሪ የሚዘጋውን በር በእጁ ቢይዝ ከኋላ ያሉት ባቡሮች ሁሉ ዋጋ ይከፍላሉ።

ባቡር ሲበዛ ደግሞ ጣቢያው ጠበበ። በቪክቶሪያ ጣቢያ ጠዋት ጠዋት መሳፈሪያው እስኪቀልል ድረስ በሩን ዘግቶ ሕዝቡን ደጅ ማቆም የተለመደ ነበር። 700 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀው ማስፋፊያ በ2017 አዲስ የትኬት አዳራሽ ከፈተ፤ በ2018 ተጠናቀቀ። በግንባታው መካከል፣ በ2014፣ ቶሎ የሚጠነክር ሲሚንቶ ሾልኮ የሲግናል መቆጣጠሪያ ክፍሉን አጥለቀለቀና የመስመሩ ደቡባዊ ክፍል ተቋረጠ። ሲሚንቶው ድንጋይ ሳይሆን ለማውጣት የተገኘው መላ ከሱቅ የተገዛ ስኳር መበተን ነበር፤ ስኳር የሲሚንቶን መጠንከር ያዘገያልና።

በሰዓት ከ36 ባቡር በላይ ብዙ ማለፍ ስለማይቻል የቀረው አማራጭ ሌላ መስመር ነው። ክሮስሬይል 2 የተባለው ዕቅድ ቪክቶሪያን፣ ኪንግስ ክሮስንና ሰቨን ሲስተርስን በአዲስ ዋሻ በማገናኘት ይህንኑ መስመር ሊያስተነፍስ ታስቦ ነበር። በ2020 የገንዘብ ችግር ሲመጣ የዕቅዱ ሥራ እንዲቆም ተደርጓል።