የ46,000 ዓመቱ ዋሻና የቦርዱ ቅጣት

እኛ ዘንድ «ቦርድ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የስብሰባ አበል ነው። የትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ቦርድ ግን ከትርፉ ሌላ ኩባንያው በአካባቢና በሕዝብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም እንዲቆጣጠር ይጠበቅበታል። ለዚህም «የዘላቂነት ኮሚቴ» ያቋቁማል። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ሲፈተን ምን እንደሚሆን ለማየት ከሪዮ ቲንቶ ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 2020፣ ፒልባራ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ። ሪዮ ቲንቶ የብረት ማዕድን ማውጫውን ለማስፋት በጁካን ገደል ያሉ ሁለት ዋሻዎችን በፈንጂ አፈረሰ። በአንደኛው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ሲጠለልበት ኖሯል። በ2014 በተደረገ ቁፋሮ 4,000 ዓመት ያስቆጠረ የሰው ፀጉር ጉንጉን ተገኝቶበት ነበር። በዘረመል ሲመረመር፣ የፀጉሩ ባለቤቶች የዛሬዎቹ የቦታው ባለቤቶች የፑቱ ኩንቲ ኩራማና ፒኒኩራ ሕዝብ ቅድመ አያቶች ሆነው ተገኙ።

በወረቀት ከሄድን ኩባንያው ፈቃድ ነበረው። በ2013 ከምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት የተሰጠ ነው፤ ማለትም ጉንጉኑ ከመገኘቱ በፊት። ማውጫውን ለመንደፍ ከታሰቡት አራት አማራጮች ሦስቱ ዋሻዎቹን አይነኩም ነበር። የተመረጠው አራተኛው ነው፤ 8 ሚሊዮን ቶን ያህል ተጨማሪ ማዕድን ያስገኛላ! ስለ ሦስቱ ለባለቤቶቹ የነገራቸው የለም። ፍንዳታው መቃረቡን እንኳ የሰሙት ቦታውን ለመጎብኘት ሲጠይቁ፣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።

ወደ ቦርዱ እንምጣ። የዘላቂነት ኮሚቴ ነበረው፤ ኩባንያውም በየዓመቱ ስለ ዘላቂነት ያማረ ሪፖርት ያወጣ ነበር። ጥፋቱን እንዲመረምር የተመደበው ማይክል ለስትሬንጅ ራሱ የቦርዱ አባል ነው። (ይህችን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳት።) ነሐሴ ላይ የወጣው ውጤት፣ ተለይቶ የሚጠየቅ አንድ ሰው የለም፣ ለዓመታት የተጠራቀሙ ውሳኔዎችና ግድፈቶች ናቸው የሚል ነበር። ቅጣቱ የሦስት ኃላፊዎችን ቦነስ መቀነስ ሆነ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዣን ሴባስቲያን ዣክ 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ቀረባቸው። ከወንበሩ የተነሳ ግን አልነበረም።

ዣክ ስለ ዋሻዎቹ ትልቅ ዋጋ የተጻፉትን ጥናቶች ከፍንዳታው በፊት እንዳላነበቡ ለፓርላማ ተናግረዋል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ጥናቶቹ ኩባንያው ውስጥ ነበሩ፤ ወደ ላይ ግን አልወጡም። ኮሚቴ የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን አዘጋጅተው የሚያቀርቡት ደግሞ እሱ ሊቆጣጠራቸው የተሰየመባቸው ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ያስለወጡት የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንዶች ናቸው፤ የሠራተኛውን ቁጠባ ይዘው የኩባንያው ባለአክሲዮን የሆኑት። የቦነሱ ቅጣት አይበቃም ብለው ተነሡ። መስከረም 11 ቀን 2020 ሦስቱም ኃላፊዎች እንደሚለቁ ተነገረ። በመጋቢት 2021 ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ ሳይመን ቶምሰን ኃላፊነቱን ወስደው በቀጣዩ ዓመት ዳግም እንደማይወዳደሩ አሳወቁ።

የክፍያው ሰነድ ሲወጣ ታዲያ የዣክ የ2020 ጠቅላላ ክፍያ 7.2 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። ከቀዳሚው ዓመት በ20 በመቶ ከፍ ያለ! በ2021 ጉባኤ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ የባለአክሲዮኖች ድምፅ የክፍያ ሪፖርቱን ተቃወመ። ድምፁ ግን የምክር እንጂ የሚያስገድድ አልነበረም።