የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወንበር ሲነቃነቅ እኛን ምን አገባን?

እዚህ ካምፕ የአሜሪካ ሹማምንት ቅሌት በሬዲዮ ሲወራ «እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዛ እል ነበር፤ የጄፍ ሴሽንስን ታሪክ እስካውቅ ድረስ።

ሴሽንስ በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ታጭተው በሴኔት ሲጠየቁ፣ ከሩሲያውያን ጋር ግንኙነት እንዳልነበራቸው በመሐላ ተናገሩ። በመጋቢት ግን በምርጫው ዓመት ከሩሲያው አምባሳደር ጋር ሁለቴ መገናኘታቸው ወጣ። ያገኘኋቸው በሴናተርነቴ ነው ቢሉም፣ ሥልጣን ይልቀቁ የሚለው ጩኸት በረታ። ከሩሲያው ምርመራ ራሳቸውን አገለሉ፤ በዚህም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ተቀየሟቸው። በኅዳር 2018 በትራምፕ ጥያቄ ለቀቁ።

ነገሩ እኛ ጋ የሚደርሰው እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳይ የሚያዩት የኢሚግሬሽን ዳኞች ያሉት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አንድን መዝገብ ራሱ አንስቶ ሊወስን ይችላል፤ እነዚህ ዳኞችም ውሳኔውን መከተል አለባቸው። ሴሽንስ በሰኔ 2018 ከቤት ውስጥ ጥቃት ወይም ከወንበዴ ቡድን የሸሸ ሰው ጥገኝነት የሚያገኝበትን በር እጅግ አጠበቡት። ሰውየው ወረዱ፤ ውሳኔያቸው ግን በሰኔ 2021 ሜሪክ ጋርላንድ እስኪሽሩት ድረስ ጸንቶ ቆየ።

ይሄ ከካምፕ በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሄደውን የሪሴትልመንት ፕሮሰስ አይመለከትም። አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ ዘመድ ያላችሁ ግን፣ ሹሙ ተነሳ ሲባል ውሳኔውም አብሮ ተነሳ ብላችሁ አትዘናጉ። ዛሬ የሚሠራበት የትኛው እንደሆነ ጠበቃውን ይጠይቅ።