ጓሳን ማን ይዘጋው ነበር?

ዘላቂ ልማት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው አዲስ አበባ ላይ የሚነደፍ ዕቅድ ወይም በለጋሾች ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ታሪክ ሌላ ነገር ያስረዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ይህ ሣራም ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ በአገሬው ደንብ ሲጠበቅ ኖሯል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉበት። መንዜ ከሌላው ሰው ይልቅ ለዱር አራዊት ስለሚራራ አይመስለኝም። መሬቱን የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን በሚጠቀምበት ሰው እጅ ስለነበረ ነው።

ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። ጓሳ አስቦና ገራ በሚባሉ የሁለት አቅኚ አባቶች ዘሮች መካከል የተከፈለ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ አባ ቄራ የተባለ አለቃ ይመርጣሉ። አባ ቄራው መሬቱን ሲዘጋ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ይቀራል፤ አባወራው ሁሉ በጥበቃ ይሰማራል። መዘጋቱ 3 ዓመት፣ ሲያስፈልግም እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። ይህን ያህል መታገሥ የመጣው ከሣሩ ጠባይ ነው። የጓሳ ሣር የጎጆ ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚመክት ገሳም ይሠራበታል፤ ሳይረዝም ከታጨደ ግን ለክዳን አይበቃም። ዛሬ ቸኩሎ ያጨደ ሰው ነገ ቤቱ እንደሚያፈስ ያውቃል። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል፤ ሰው ተሰብስቦ ያጭዳል፣ ከብቱ ተከትሎ ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። የመክፈቻውን ቀን የሚወስነው ሰው የጎረቤቱን ክዳን ማርጀት በዓይኑ የሚያይ ነበር። ከሩቅ የተቀመጠ ሹም ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ቄሮ የርስተኞች ሥርዓት ነበር፣ የአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነው ድርሻ አልነበረውም፣ ቅጣቱም የከበደ ነበር የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ይህን ሸፋፍኖ ያለፈውን ማወደስ ተገቢ አይደለም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የተገለለውን ሰው ባለመብት ሲያደርግ ትክክለኛ ፍርድ ሰጥቷል። ስሕተቱ ርስትን ሲሽር የመዝጋት ሥልጣንንም አብሮ መሻሩ ነው። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ፣ ማጨዱም ግጦሹም ማገዶ ለቀማውም ልክ አጣ። ሁለቱ ነገሮች የግድ አብረው መውደቅ እንዳልነበረባቸው የታየው ቆይቶ ነው፤ ከጓሳ ጋር የሚዋሰኑት ገበሬ ማኅበራት ኮሚቴ አቋቁመው መሬቱን እንደገና ሲዘጉ፣ ቀድሞ ድርሻ ያልነበረውም ሰው ባለድርሻ ሆኖ ገባ። አባልነቱ ሰፋ፣ የመዝጋት ልማዱም ቀጠለ።

የአገሬው ሰው ይህን ያህል ከቻለ መንግሥት ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ያው 1967 ነው፤ ዘመናትን የተሻገረ ልማድ በአንድ አዋጅ ፈረሰ። የሕግ ጋሻ የሌለው ልማድ ከላይ ለሚመጣ ውሳኔ የተጋለጠ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ የአማራ ክልልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የመንዝ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ባወጣው ደንብ አቋቁሟል። የክልሉ ትልቁ ሥራ ይኸው ዕውቅና ነው። ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። ነዋሪው ባለቤትነት ያልተሰማው ጊዜ የሚሆነውን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አይተናል፤ በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች የጥበቃ ጣቢያዎችና ጽሕፈት ቤቶች ፈራርሰዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የዛሬው ነው። የሰው ቁጥር ጨምሯል፣ መሬት የሌለው ወጣት በዝቷል፣ ቆርቆሮም የሣር ክዳንን እየተካ ነው። ትዕግሥቱን የወለደው ክዳን ከቀረ፣ ቀበሌው መሬቱን ዘግቶ የሚያቆይበት ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል። ቱሪዝም ጥቂት ገቢ ያመጣል፤ የሚጠቅመው ግን መንገድ ዳር የሚገኘውን ጥቂት ሰው ነው። ትልቁ ሀብት ውኃው ነው፤ ከጓሳ የሚመነጨው ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳል። የመንዝ ገበሬ በሬውን ከግጦሽ ከልክሎ የሚያቆየው ሣር ውኃ ይዞ ለታችኛው አገር መስኖ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ወጪ እስካሁን የተሸከመው የላይኛው ቀበሌ ነው፤ ክልሎችና ፌዴራል መንግሥቱ በጀት ሲያከፋፍሉ ለጥብቅ ሥፍራ ጠባቂ ወረዳዎች ድርሻ መቁረጥ አለባቸው፤ ገንዘቡም መዝጊያና መክፈቻውን በሚወስነው ኮሚቴ እጅ መግባት አለበት።