የላስታ ድንጋይ ቤት

ስለ ላሊበላ በተነገረ ጊዜ የሰሚው አሳብ ወደ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ማዘንበሉ የሚያስገርም አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት አገሩን ያየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ያየውን ሁሉ ቢጽፍ የሚያምነው እንዳያጣ ሠግቶ ነበር። ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ እነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ነገር ግን በዙሪያቸው ካህኑና ገበሬው የኖሩበት፣ ለገና በዓል የመጣው እንግዳ ያደረበት ቤትም የራሱ ታሪክ አለው።

የላስታ ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ ይገነባል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ከሌላው ደጋ ጎጆ የሚለየው ባለ ፎቅ መሆኑ ነው። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ፎቁ ለሰው መኖሪያ ይሆናል፤ ወደ ላይ የሚወጣውም በውጭ ባለው የድንጋይ ደረጃ ነው። ከተማው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ለጥ ያለ ቦታ ብርቅ ነው፤ ሌሊቱም ይበርዳል። ቤቱ ወደ ላይ ሲያድግ መሬት ይተርፋል፤ ከታች የታሰሩት ከብቶች ሙቀትም ለቤተ ሰቡ ይደርሳል።

ቤተ መቅደሱ አለትን በመፈልፈል ተገኘ፤ ቤቱ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመደርደር ቆመ። ስለዚህም እንደ አለቱ ዘመናትን ብቻውን አይሻገርም። ሣሩ ሲሳሳ ዝናብ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ጭቃው ሲታጠብ ድንጋዩ ይላላል። ክዳኑን በየጊዜው የሚያድስ፣ ምድጃውንም የሚያነድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ጢሱ ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቃልና።

በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ ላሊበላን በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ስለ ቅርሱ ባወጣው መግለጫም እነዚህን ቀይ ድንጋይ ቤቶች ያነሣል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠበቅ ሲባል በአጠገባቸው የነበሩ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ ከድንጋይ ቤቶቹም አንዳንዶቹ ለቅርስነት ተጠብቀው ቀርተዋል። ሰው የለቀቀው ቤት ግን ጠጋኙንም አብሮ ያጣል። እንግዲህ ቤቶቹን መጠበቅ ማለት፣ ድንጋይ ማያያዝና ሣር መክደን የሚያውቀው ባለ ሙያ ሙያውን ለልጁ የሚያወርስበትን ሥራ ማስገኘት ጭምር ነው።